ከላምበረት ደብረ ብርሃን፦ ከአስፋልቱ በፊት መነሻ ሰዓቱ ይስተካከል

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። መስመሩ ከላምበረት መናኸሪያ ተነሥቶ በኮተቤ፣ በካራ፣ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ ይገባል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ነጋዴው፣ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው ታካሚ፣ ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚወርደው ምእመን ሁሉ የሚመካው በዚሁ መስመር ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወደ ፈጣን አውቶቡስ ደረጃ ከፍ ማለት ያለበት አንድ መስመር ምረጡ ብንባል ሳናመነታ ይህንን እንመርጣለን። ከፍ የሚደረገው ግን በምን በምን ቅደም ተከተል ነው? ገንዘቡ ያለ ቦታው ፈስሶ እንዳይቀር የሚወስነው ይህ ነው።

ፈጣን አውቶቡስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በመንገድ መሃል የታጠረ መስመር ነው። የቦጎታው ትራንስሚሌኒዮ እ.ኤ.አ. በ2000፣ የዳሬሰላሙ ደግሞ በ2016 ሥራ ሲጀምሩ እንዲያ ነበሩ፤ ለአዲስ አበባ የታሰበው የዊንጌት–ጀሞ መስመርም ከዚያው ሐሳብ የመጣ ነው። እነዚህ የከተማ ውስጥ መስመሮች ናቸው። ለእኛው የሚቀርበው አርአያ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ግሌንዉድ ስፕሪንግስን ከአስፐን የሚያገናኘው ነው፦ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደጋማና ብርዳም፣ ትንንሽ ከተሞችን እየነካ የሚያልፍ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲጀመር በዚያ አገር የመጀመሪያው የገጠር ፈጣን አውቶቡስ ነበር፤ ሆኖም ከዳር እስከ ዳር የታጠረ መስመር የለውም። ለአውቶቡስ ቅድሚያ የተሰጠው መንገዱ በሚጨናነቅበት ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረውን ያመጡት ቶሎ ቶሎ መነሣቱና የፌርማታው ማነስ ናቸው።

አሁን ያለው አገልግሎት ሲመዘን መንገዱ ደህና ነው። ተሽከርካሪዎቹ ከጥሩ እስከ አሳዛኝ የተደባለቁ ናቸው። ደካማው የመናኸሪያው አሠራር ነው፤ ተሳፋሪውን ከሁሉም በላይ የሚያስመርረውም እሱ ነው።

ሰዓቱ የት ይሄዳል?

ለስሌት እንዲመች መንገዱን በሦስት እንክፈለው። ከላምበረት እስከ ለገዳዲ ያለውንና የደብረ ብርሃንን መግቢያ አንድ ላይ 25 ኪሎ ሜትር እንበል፤ በሰዓት 25 ቢነዳ 60 ደቂቃ ነው። በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ መሃል የሚታለፈው 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት 30 ቢኬድ 20 ደቂቃ ይወስዳል። የቀረው 95 ኪሎ ሜትር ገላጣ መንገድ በሰዓት 65 ሲነዳ 88 ደቂቃ። ድምሩ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ መሆኑ ነው።

አሁን ሹፌሩ ገላጣው ላይ ከ65 ወደ 75 ከፍ ቢል የሚያተርፈው 12 ደቂቃ ነው፤ ያቺን 12 ደቂቃ የሚገዛት ደግሞ በፍሬንና በሰው ሕይወት ነው፤ ምክንያቱም መንገዱ በአብዛኛው ለወዲያ አንድ፣ ለወዲህ አንድ መስመር ስለሆነ ከባድ መኪና መቅደም ማለት ፊት ለፊት ወደሚመጣው መግባት ማለት ነው። የተጨናነቀውን 25 ኪሎ ሜትር ከ25 ወደ 35 ማድረስ ግን 17 ደቂቃ ያተርፋል፤ ማንንም አደጋ ላይ ሳይጥል። ከሁለቱም የሚበልጠው ትርፍ ያለው ገና ጎማው ሳይንቀሳቀስ፣ መናኸሪያ ግቢ ውስጥ ነው።

አውቶቡሱ የሚወጣው ሲሞላ ነው። በቀትር በሰዓት 60 ሰው ይመጣል ብንል፣ 60 ወንበር ያለው አውቶቡስ ለመሙላት አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ቀድሞ የገባው ሰው ሰዓት ሙሉ ወንበሩ ላይ ይቆያል፤ በአማካይ የእያንዳንዱ ተሳፋሪ ጥበቃ 30 ደቂቃ ነው። ያው ሰው ወደ ሚኒባስ ቢዞር 15 ሰው በ15 ደቂቃ ይሞላል፤ አማካይ ጥበቃው ወደ 8 ደቂቃ ይወርዳል። ሰው ጉልበቱን አጥፎ፣ ተጨማሪ ከፍሎ ሚኒባስ የሚመርጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ መንገድ ላይማ ሚኒባሱ ከትልቁ አውቶቡስ ያን ያህል አይፈጥንም። ትልቁ አውቶቡስ ደግሞ ሰው በሸሸው ቁጥር ለመሙላት ይበልጥ ይዘገያል፤ በዘገየ ቁጥር ሰው ይበልጥ ይሸሸዋል። ይህን አዙሪት ምንም ዓይነት ኮንክሪት አይሰብረውም።

የሚሰብረው በሰዓት መውጣት ነው፤ ሞላም አልሞላም። ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓትና ከቀትር በኋላ ከ9 እስከ 12 ሰዓት በየ15 ደቂቃ፣ በመሃሉ በየ30 ደቂቃ ቢነሣ ስንት አውቶቡስ ይፈልጋል? ጉዞው 2 ሰዓት ተኩል ቢሆን፣ በየመድረሻው ለዕረፍት፣ ለጽዳትና ለመዘግየት ማካካሻ 20 ደቂቃ ቢጨመር፣ የደርሶ መልሱ ዙር 340 ደቂቃ ነው። 340 ለ15 ሲካፈል 23 አውቶቡስ ይሆናል፤ ለጥገናና ለድንገተኛ ብልሽት 3 መጨመር ግድ ነው፤ 26። ያ መጠባበቂያ የቀረ ቀን አንድ ራዲያተር ሲፈነዳ አንድ መነሻ ይሰረዛል፤ ሁለት መነሻ የተሰረዘበት ሰው ደግሞ በማግስቱ ሰዓቱን አምኖ አይመጣም። በአሁኑ አሠራር፣ የመሙያ ጊዜውን 40 ደቂቃ ብንወስድ፣ ዙሩ 416 ደቂቃ ነው፤ በ14 ሰዓት የሥራ ቀን አንድ አውቶቡስ ሁለት ዙር ብቻ ይሠራል። ዙሩ ወደ 340 ሲወርድ ሁለት ተኩል ገደማ ይደርሳል። ባለንብረቱ በየመነሻው ጥቂት ባዶ ወንበር ቢያይም በቀን የሚሠራው ኪሎ ሜትር በአንድ አምስተኛ ያድጋል።

በቀትር 45 ወንበር ያለው አውቶቡስ ሲሶውን ብቻ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ለዚያ መድኃኒቱ ኮስተር ነው፤ ትልልቆቹን በዚያ ሰዓት ለአገልግሎትና ለቅባት ማስገባት፣ ከ25 እስከ 30 ወንበር ያላቸውን ማሰማራት። በወሩ 21፣ በበዓላት ዋዜማና ዩኒቨርሲቲው ተማሪ በሚያስገባበት ሳምንት ስምሪቱ ከወዲሁ መቀየር አለበት። ቀኖቹ በካላንደር የሚታወቁ ናቸው፤ በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ መታየታቸው ያሳዝናል።

ሹፌርም ይታሰብ። ሁለት ዙር ለአንድ ሹፌር መስጠት ማለት 10 ሰዓት መሪ ላይ ማለት ነው። አንድ ዙር ለአንድ ሹፌር፣ ለውጡም ደብረ ብርሃን ላይ ይሁን።

የመንገድ ላይ ተሳፋሪ

በዚህ መስመር ከሁሉ የተበደለው የሸኖ ሰው ነው። ከላምበረት የሚነሣው አውቶቡስ ሞልቶ ስለሚያልፈው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲያገኝም የሙሉውን ጉዞ ሒሳብ ክፈል ይባላል። ከላምበረት ለሸኖ የሚሳፈረውም እንደዚያው፣ ወንበሩ ከሸኖ በኋላ ባዶ ይሄዳል ተብሎ። ችግሩ ቴክኒካዊ መፍትሔ አለው፦ ትኬቱ በክፍል ይሸጥ። ላምበረት–ሰንዳፋ፣ ሰንዳፋ–ሸኖ፣ ሸኖ–ደብረ ብርሃን። ያው አንድ ወንበር በአንድ ጉዞ ሦስት ጊዜ ሊሸጥ ይችላል። ለዚህ የወንበር ሰሌዳው በወረቀት ሳይሆን በአንድ ማዕከል መያዝ አለበት፤ ክፍያው በቴሌብር፣ ስልክ ለሌለው ደግሞ በመስኮት። ወረቀትና ስልክ ለየብቻ ከተሸጡ በሳምንቱ አንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ይገናኛል፤ ጠቡም በረዳቱ ላይ ይወርዳል። መስኮት ላይ የሚሸጠውም ከዚያው ሰሌዳ ላይ ይቀነስ።

ፌርማታ ከስምንት አይብለጥ። እያንዳንዱ መቆሚያ ፍጥነት ለመቀነስና መልሶ ለመነሣት ብቻ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ይበላል፤ ሰው መጫኑ ሲጨመር ሁለት ደቂቃ ነው። በየመንደሩ እጅ ላነሣ ሁሉ የሚቆም አውቶቡስ 20 ጊዜ ቢቆም 40 ደቂቃ አጠፋ። በመሃል ያለው ሰው እንዳይቀር ከሰንዳፋ፣ ከሸኖና ከጫጫ የሚነሡ አጭር መንገድ ሚኒባሶች ያስፈልጋሉ፤ ትኬታቸውም ከዋናው ጋር የተያያዘ ይሁን።

መጫኑ ራሱ የሚዘገየው በሁለት ነገር ነው፦ በደረጃውና በፖርቶ መጋላው። አንድ በር፣ ሦስት ደረጃ፣ በሩ ላይ ሒሳብ የሚቀበል ረዳት ሲሆን ለአንድ ሰው ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ይሄዳል፤ ሕፃን ያዘለች እናት ወይም ምርኩዝ የያዙ አባት ሲሆኑ ከዚያ ብዙ ይበልጣል። ጣሪያ ላይ ጆንያ መጫንና ማሰር ሲመጣ በደቂቃ ይቆጠራል። ሁለት በር፣ ቀድሞ የተከፈለ ትኬት፣ ከአውቶቡሱ ወለል ጋር የተስተካከለ መሳፈሪያ መድረክ ሲኖር ከአንድ ሰከንድ ተኩል አይዘልም። ዕቃ ከሆድ በታች ባለው ማስቀመጫ ብቻ ይግባ፤ የሸኖ ቅቤም ሆነ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ነጋዴ ብዙ ጭነት ሲኖረው በጠዋትና በማታ አንድ አንድ ጊዜ የሚነሣ የዕቃ መኪና ይመደብለት።

የመድረኩ ከፍታ ከአውቶቡሱ ጋር አንድ ላይ ካልተወሰነ ሁለቱም ይበላሻሉ። ፊት ለፊቱና መሃሉ ዝቅ ያለ፣ ኋላው ከፍ ያለ ወለል ያለው 12 ሜትር አውቶቡስ ለዚህ መስመር ይስማማል፤ መድረኩ ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነውን የአገር አቋራጭ አውቶቡስ አምጥቶ መድረኩን በ35 መሥራት ወይም በግልባጩ፣ ገንዘብ መጣል ነው። ከመድረኩ ያለው ክፍተትም ከ10 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ተሽከርካሪ ወንበር አይሻገረውም። ሹፌሩ ጎማው ሳይበላ ተጠግቶ እንዲቆም የመድረኩ ጠርዝ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የተጠማዘዘ ልዩ ድንጋይ መሆን አለበት። ከከተማ ውጭ በዚህ ፍጥነት የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ደግሞ ሰው አይቆምም፤ ወንበር ሁሉ ቀበቶ ይኑረው፤ ትርፍ መጫን በምንም ሰበብ አይፈቀድ።

መሬቱ፣ ብርዱና ከፍታው

ከሰንዳፋ በኋላ ያለው ሜዳ ብዙው ዋልካ ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መንገድ ሲሰፋ አዲሱ ክፍል የሚቀመጠው እርጥበቱ በጣም በሚለዋወጥበት በዳሩ በኩል ስለሆነ፣ ከነባሩ አስፋልት ጋር የተጋጠመበት ቦታ በሁለት ክረምት ውስጥ በቁመቱ ይተረተራል። ዋልካውን ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ወይም ላዩን በኖራ ማጽናት፣ ቦዩንም ከመንገዱ ጠርዝ ማራቅ ያስፈልጋል። ቦዩን ጠርዝ ሥር መቆፈር የተለመደ ነው፤ ውኃውን ልክ መድረስ ወደማይገባው ቦታ ያደርሰዋል።

ፌርማታ ላይ አስፋልት አይበቃም። አውቶቡስ በቆመበትና ፍሬን በያዘበት ሁሉ አስፋልቱ እየተገፋ ይሰረጉዳል፤ ጉድጓዱ 5 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ከመድረኩ ጋር የነበረው እኩልነት ጠፋ። 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት፣ ሁለት አውቶቡስ እንዲያስቆም 30 ሜትር ርዝመት፣ በየ4 ሜትር ተኩሉ መጋጠሚያ። በኅዳርና በታኅሣሥ ከተሞላ የደብረ ብርሃን ሌሊት ጥንካሬውን ያዘገየዋልና ተሸፍኖ ቢያንስ 14 ቀን ሳይረገጥ ይቆይ። መጠለያው በሦስት ጎን የተዘጋ ይሁን፤ እዚያ ንፋስ ላይ ክፍት ጣሪያ ብቻ ማቆም ለተሳፋሪው ምንም አያደርግለትም።

የታጠረ የአውቶቡስ መስመር በእኛ ግምት የሚያስፈልገው ከላምበረት እስከ ለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በሸኖና በደብረ ብርሃን መግቢያ ነው። በዳር በኩል ከተሠራ ባጃጅ፣ ጋሪና ዕቃ አውራጅ ይሞሉታል፤ በመሃል ከተሠራ ደግሞ እግረኛ ሁለት ጊዜ ይሻገራልና ከፍ ያለ ማቋረጫ ሊሠራለት ይገባል። አውቶቡሱ የመኪናውን ሰልፍ በጎን እንዲያልፍ የሚያስችል አጭር መስመር ሲሠራ ርዝመቱ ከሰልፉ ይብለጥ፦ ሰልፉ 400 ሜትር ከሆነ 150 ሜትር መስመር አይረባም፤ አውቶቡሱ መግቢያው ጋ ሳይደርስ ይታገታልና። በየከተማው ያለው ብሬከርም ይታይ። ከዳር እስከ ዳር የተሠራው ጉብታ አውቶቡሱን ከቆመበት ያህል ያዘገየዋል፣ ባሌስትራውንም ይሰብራል። ወርዱ 1 ሜትር ከ60 ገደማ የሆነ ትራስ መሳይ ጉብታ ግን የአውቶቡሱ ጎማዎች ግራና ቀኝ ያልፉታል፤ የቤት መኪናው ፍጥነቱን ይቀንሳል። ለአምቡላንስም ያው ጥቅም ነው።

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይወርዳል፣ ጥቁር ጭስም ያበዛል። ውኃ እዚያ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው፣ አዲስ አበባ ላይ ደህና የነበረ ሞተር ሸኖ ሳይደርስ ያፈላል። ክዳኑ ትንሽ ዕቃ ነው፤ በየአገልግሎቱ መለካት አለበት።

ስለ ኤሌክትሪክ አውቶቡስ በየጊዜው ይጠየቃል። ለ12 ሜትር አውቶቡስ በኪሎ ሜትር 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ብንይዝ፣ አንድ ጉዞ 156 ይፈልጋል፤ ደርሶ መልሱ 312። 350 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ቢኖረውም በጤና የሚጠቀሙት 80 በመቶውን፣ 280ውን ነው፤ ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ሳይሞሉ መመለስ አይቻልም። በ150 ኪሎ ዋት መሙያ 62 ደቂቃ ይፈጃል። መድረሻ ላይ ከተያዘው 20 ደቂቃ በላይ የሆነው 42 ደቂቃ በየ15 ደቂቃ መነሻ ሲሰላ 3 ተጨማሪ አውቶቡስ ነው፤ መሙያዎቹም 5 ይሆናሉ፣ 750 ኪሎ ዋት። ጨረታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው መሙያውም ትራንስፎርመሩም አቅማቸው በከፍታ መቀነሱ ነው፤ የከፍታ ገደባቸው 2,000 ሜትር የሆነ ዕቃዎች ብዙ ናቸው። ሰነዱ ላይ «በ2,840 ሜትር ሙሉ አቅም የሚሰጥ» ተብሎ ይጻፍ። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ይጎዳል፤ ውርጭ በሚጥልባቸው ወራት ማታ እንደገባ፣ ገና ሞቅ እንዳለ ይሞላ እንጂ ለንጋት አይቆይ።

ማን ይመራዋል?

መስመሩ በአዲስ አበባ፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልል ውስጥ ያልፋል። ታሪፍ፣ ስምሪትና ቁጥጥር በሦስት እጅ እስካሉ ድረስ ለሸኖ ተሳፋሪ የሚመልስለት የለም። ሦስቱ የሚፈርሙበት አንድ የመስመር ጽሕፈት ቤት፣ አንድ የስምሪት ማዕከል፣ ሁሉም አውቶቡስ ላይ የሚታይ ጂፒኤስ ያስፈልጋል። ማዕከሉ ሸኖ ላይ አውቶቡሶችን ማስተካከል ይችላል፦ ሁለቱ ተከታትለው ከመጡ የኋላው ለጥቂት ደቂቃ ይያዝ። መንገድ የተዘጋ ዕለትም ተሳፋሪው ላምበረት ደርሶ ሳይሆን ቤቱ ሳለ በስልክ መልእክት ይወቅ።

ነባሮቹ ባለንብረቶችና ማኅበሮቻቸው መገፋት የለባቸውም። ጆሃንስበርግ ውስጥ የሬያ ቫያ አውቶቡስ ሲመሠረት ቀድሞ በመስመሩ ይሠሩ የነበሩ የሚኒባስ ታክሲ ባለንብረቶች የሚያሠራው ኩባንያ ባለድርሻ ሆነዋል። እዚህም ክፍያው በተሳፋሪ ቁጥር ሳይሆን በተሠራው ኪሎ ሜትር ይሁን፤ ዘግይቶ የተነሣ ይቀነስበት። በሰው ቁጥር የሚከፈለው ባለንብረት ሳይሞላ እንዲወጣ ማስገደድ አይቻልም፤ እሱም ልጆቹን ያበላል።

የማደሪያ ግቢው ቦታ ሲመረጥ የዳሬሰላሙ ይታወስ፤ ጃንግዋኒ ላይ ወንዝ ዳር የተሠራው ግቢ በጎርፍ ተደጋግሞ ተጥለቅልቋል። ደብረ ብርሃንም ሜዳማ ናትና ክረምት ውኃ የሚተኛበትን መሬት በርካሽ ስለተገኘ ብቻ መውሰድ አይገባም።

መስመሩን እስከ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት እናስረዝመው የሚል ሐሳብም አለ። ለጊዜው አንደግፈውም። ከጣርማ በር በኋላ መንገዱ ሌላ ነው፤ ጉም አለ፣ ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ ሪታርደር (ፍሬን ሳይያዝ ፍጥነት የሚቀንስ መሣሪያ) የሌለው አውቶቡስ በፍሬን ብቻ ሲወርድ ሸራው ይግላል፣ ፍሬኑም ይከዳል። ለዚያ የተለየ ተሽከርካሪና የተለየ ሹፌር ይመደብ፤ መነሻውም ደብረ ብርሃን ሆኖ ከዋናው መስመር መድረሻ ሰዓት 10 ደቂቃ በኋላ ይነሣ። ለአንኮበርም፣ ለመሐል ሜዳም፣ ለደነባም እንዲሁ።